ሜኑ ላይ የሌለው ምግብ፦ ከአዋሽ እስከ ጅግጅጋ

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ «ወደ ምሥራቅ ስንሄድ የት እንብላ?» የሚል ጥያቄ ሰጥተውኝ ነው የመጣሁት። የምግብ ቤት ስም ዝርዝር ጠብቃችሁ ከሆነ አልያዝኩም። ምግብ ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ወጥ ሠሪዋ ትቀየራለች። ዛሬ የምጠቁማችሁ ቤት ስትደርሱ የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እኔ የማወራው ቤቱን እንዴት እንደምታገኙት ነው። ከእራት በፊት ስለ ምግብ ማውራት ጭካኔ መሆኑን አውቃለሁ። እሱን ለአዘጋጆቹ ንገሯቸው።

መጀመሪያ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ከአዲስ አበባ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ውጡና ደህና ሆቴል ገብታችሁ ተቀመጡ። አስተናጋጇ ትመጣለች። «ምን አለ?» ትሏታላችሁ። እሷም ትንፋሽ ሳትወስድ ትደረድረዋለች፦ «ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በሥጋ፣ ፓስታ በአትክልት።» ጎንደር ይሄው ነው። ጂንካም ይሄው ነው። ቀኑን ሙሉ ተነድቶ ተደርሶ ሰፈር የተተወው ተጋቢኖ ይበላል። ተጋቢኖ ምን በደለኝ፣ እወደዋለሁ። ግን እሱን ለመብላት ከቤቴ ባልወጣ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ? ሆቴሉ የሚያበስለው ለአገሬው ሰው አይደለማ። ለስብሰባ ለመጣው፣ አበሉን ይዞ ለሚያድረው፣ መኪና ተበላሽቶበት ለቆመው ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ነገ ሥራ አለባቸው፤ ሆዳቸው እንዲረበሽ አይፈልጉም። የሚያውቁትን ያዛሉ። አገሬው የራሱን ምግብ ቤቱ ይበላል። እናቱ በየቀኑ የምትሠራውን ነገር ማን ገንዘብ ከፍሎ ይበላል?

ዋናው ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሕዝብ ምግብ ለሽያጭ የሚወጣው ሕዝቡ ከቤቱ ሲርቅ ነው። ክትፎን ተመልከቱ። ጉራጌ አገር ክትፎ የመስቀል ነው፣ የእንግዳ ነው፣ የቤት ነው። ምግብ ቤት የሆነው ጉራጌው ለንግድ አዲስ አበባ መጥቶ መርካቶ ከከተመ በኋላ ነው። የእኛም የሁላችን ምግብ እንደዚሁ ነው። ዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች መጀመሪያ የተከፈቱት ለፈረንጁ ሳይሆን እንጀራ ለናፈቀው ስደተኛ ነበር። ፈረንጁ ኋላ ነው የመጣው።

ስለዚህ አዲስ ከተማ ስትገቡ «የከተማው ባህላዊ ምግብ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ «ክትፎ አለ» ነው የሚሆነው። ይልቅ «እዚህ ከተማ ከቤቱ ርቆ የሚኖር ማን ነው? ለንግድ የሚመላለሰው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የዚያ ሰው ምግብ ቤት በእርግጠኝነት አለ።

አሁን መንገዱን እንያዝ። አዳማን አልፋችሁ፣ መተሐራን አልፋችሁ አዋሽ ሰባት ትደርሳላችሁ። እዚያ ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው አሮጌ ሆቴል አለ። የባቡሩ ልጅ ነው። በድሮው ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ተሳፋሪው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። ያደረ ሰው ደግሞ ይበላል። ቡፌው ለዚህ ነው በረሃ መሀል የበቀለው፣ ለረጅም ጊዜም የግሪኮች እጅ አልተለየውም። ቦጌንቪላው ሥር ተቀምጦ ቡና መጠጣት ለብቻው ደስ ይላል። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ግን እንዲህ ዓይነት ቤት አያፈራም። ድሬዳዋ በአንድ ቀን ያደርሳል፣ ጣቢያዎቹም ከከተማ ውጭ ናቸው። ለጊዜ ጥሩ ነው፤ ለሆድ አይደለም። ለምግብ የምትሄዱ ከሆነ በመኪና ሂዱ።

ከአዋሽ እስከ ጭሮ ያለውን ላሳጥረው። መንገድ ዳር የምታዩት ፍየል ነው፤ ጥሩ ፍየል ነው። ከባድ መኪና ተደርድሮ የቆመበት ቤት ግቡ፣ አትከስሩም። ቁልቢን ስታልፉ ቀኑን አስተውሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል ሲነግሥ ሰው ከየአገሩ ስለሚተም፣ ያን ሰሞን ከድሬ እስከ ሐረር አልጋም ሆነ ወንበር ማግኘት ፈተና ነው።

ድሬዳዋ ላይ ግን ረጋ እንበል። ሐሳቤ በደንብ የሚታየው እዚህ ነው።

ድሬን የፈጠራት ባቡሩ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ደረሰ፣ ከተማዋም ተቆረቆረች። እስከ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ወሰደበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ የመስመሩ ዋና ከተማ ድሬ ነበረች። ፈረንሳዩ መጣ፣ ግሪኩ መጣ፣ አርመኑ መጣ፣ ሕንዱ መጣ፣ የመኑ መጣ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ተጨመረ። ማለትም ከቤቱ የራቀ ሰው ከተማ ናት። ከዚራ በሚባለው ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ስትሄዱ የፈረንሳዩን ቀጥ ያለ መንገድ ታያላችሁ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ የሚባለው ሰፈር ስትገቡ ደግሞ ቅርንፉድና ዕጣን ይሸታችኋል። ምግቡ ያለው በዚያኛው በኩል ነው።

ጠዋት ተነሡ። ድሬ ላይ ቁርስ የሚዘለል ነገር አይደለም። ፈቲራ የሚሠራበት ቤት ፈልጉና ምጣዱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ውስጥ አትግቡ። ሠሪው ዘይት ውስጥ ያደረች ድቡልቡል ሊጥ ያነሣል። ጠረጴዛው ብረት ነው፣ በዘይት ወዝቷል። ሊጡን በመዳፉ ይጠፈጥፈዋል፣ ከዚያ ጠርዙን ይዞ ያሽከረክረዋል። አንዴ፣ ሁለቴ። ሊጡ ይሳሳል፣ ይሰፋል፣ የጠረጴዛው ብረት በሱ ውስጥ ይታያል። ቀዳዳ ቢወጣለት ግድ የለውም። ምጣዱ ላይ ይጥለዋል፣ ዕንቁላል ይሰብርበታል፣ በአራት በኩል እንደ ፖስታ ያጥፈዋል። ሲገለብጠው ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ይንኳኳል። ከዚያ ይቆራርጠውና ማር ያፈስበታል። ዕንቁላሉና ማሩ አብሮ አይሄድም የሚል ካለ ቀምሶ ይንገረኝ። ጾም ከሆነ «ያለ ዕንቁላል» በሉት፣ በዘይት ብቻ ይሠራላችኋል። እጅ ያስቆረጥማል።

ፈቲራ የየመኖች ነው። ድሬ የየመን ሱቅ ያልነበረበት ሰፈር አልነበረም። ባለሱቁ ሱቁ ውስጥ ያድራል፣ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ማዶ ነው። ታዲያ ማን ያብስልለት? ፈቲራውም፣ ፉሉም፣ መንዲውም የመጣው ከዚያ ነው። መንዲ ማለት ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ በፍም ሙቀት የሚበስል የበግ ወይም የፍየል ሥጋ ነው። ሩዙ ከሥር ይቀመጣል፣ የሥጋው ጮማ እየቀለጠ ይንጠባጠብበታል። ምድጃው ይታተማል። ስለዚህ መንዲ «ቶሎ በል» የሚባል ምግብ አይደለም። በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ያልቃል፣ በቃ። ምሳ ሰዓት እንደጀመረ ድረሱ። 8 ሰዓት ላይ ብትሄዱ የምታገኙት ሩዙንና የአስተናጋጁን ማዘን ነው።

ሰዓት ካነሣሁ አይቀር፣ የድሬን ሰዓት ልንገራችሁ። ከቀትር በኋላ ከተማዋ ትተኛለች። ሙቀቱ አያንቀሳቅስም። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ለጫት ይቀመጣል። አዲስ አበቤው በዚያ ሰዓት ወጥቶ ተቅበዝብዞ «ድሬ ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ። ቀፊራ ገበያ አካባቢ ሳምቡሳና ባጂያ የሚጠብሱ ሴቶች ይወጣሉ። ሙሸበክም አለ፤ በዘይት ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከር ብርቱካናማ ጣፋጭ። ጥርሳችሁን የሚያማችሁ ከሆነ እለፉት።

ስትጠይቁ ደግሞ ዋጋ ያለው ሰው የባጃጅ ሹፌር ነው። ግን አጠያየቅ አለው። «ጥሩ ምግብ ቤት ውሰደኝ» ካላችሁት፣ መልካችሁን አይቶ ትልቁ ሆቴል በር ላይ ያወርዳችኋል። አይፈረድበትም፤ ያከበራችሁ መስሎት ነው። «አንተ ዛሬ ቁርስ የት በላህ?» በሉት። መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይወስዳችኋል። በነገራችን ላይ ድሬና ሐረር ውስጥ አንቱታ ብዙም የለም። አስተናጋጁ ልጅ አባታችሁን «አንተ፣ ምን ላምጣልህ አቦ?» ቢላቸው እንዳትቀየሙ። ንቀት አይደለም፣ አፋቸው ነው። እንዲያውም ያ ነው መስተንግዶው።

አሁን ወደ ሐረር እንውጣ። ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱን ስትጨርሱ አየሩ ይቀዘቅዛል። ሐረር ላይ የሚገርመው ነገር ምን መሰላችሁ? በሐረር ከተማ የሐረሪ ምግብ ምግብ ቤት ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ቱሪስቱ ይመጣል፣ ጅቡ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል። ምሳ ላይ ግን ሁሉም ጥብስ ይበላል። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ። ሐረሪው ቤቱ ነው ያለው። ግድግዳው ላይ ሳህን ተሰቅሎ፣ ቀይ መደቡ ተነጥፎ፣ ምግቡ እዚያ ውስጥ ይበላል። ምን ብሎ አደባባይ ያወጣዋል?

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ቤቱ መግባት ነው። ጀጎል ውስጥ የሐረሪን ባህላዊ ቤት ለእንግዳ የሚያከራዩ ቤተሰቦች አሉ። እዚያ እደሩ። አልጋው እንደ ሆቴል አይደለም፣ መታጠቢያውም የጋራ ሊሆን ይችላል። ግን ገና ዕቃችሁን ስታስቀምጡ ለቤቱ እመቤት ንገሯት፦ «ነገ ሁልበት መረቅ መብላት እንፈልጋለን፣ የሚያስፈልገውን እንከፍላለን።» ከዋዜማው መንገር ግድ ነው። ሥጋው ይገዛል፣ አብሹ ይዘጋጃል፣ ድንገት የሚደርስ ነገር አይደለም። ሁልበት መረቅ የአብሽና የሥጋ መረቅ ነው። እኛ አብሽን የምናውቀው ለጨጓራና ለአራስ ነው። እዚያ ግን የክብር ምግብ ነው። መረር ይላል፣ ከዚያ ምሬቱ ይለሰልስና ሌላ ለመጉረስ ያስቸኩላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀምሱት ፊታችሁን ኮስተር ማድረጋችሁ አይቀርም። እመቤቲቱ ይህን ታውቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ትስቅባችኋለች።

ቡናም ጠይቁ፤ የምታውቁትን ቡና ግን አይደለም። ሐረር የቡና አገር ሆና ሳለ ድሮ ፍሬው ለገበያ ይሄድ ነበርና፣ ቤት የቀረው ቅጠሉና ገለፈቱ ነው። ከቅጠሉ ቁጢ ይፈላል፣ ከገለፈቱ አሸር። ቁጢ በወተት ሲሆን ሻይም አይደለም፣ ቡናም አይደለም። ለእኔ ከዚያ ጉዞ ሁሉ በልጦ የሚናፍቀኝ እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ፈልጌው አጣሁት።

ጊድር መጋላ ሥጋ ተራ ከሄዳችሁ እጃችሁን ጠብቁ። ጭላቶቹ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሥጋ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ካዩ ተወርውረው መንትፈው ይሄዳሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ሥጋ ካነሣን፣ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሣው። በእኛ አገር ሥጋ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ይለያል። ልኳንዳው በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ታያላችሁ። ምሥራቅ ስትሄዱ፣ በተለይ የየመን፣ የሐረሪና የሶማሌ ቤት ስትፈልጉ የሙስሊም ሥጋ ነው የምታገኙት። አንዳንዱ ክርስቲያን ተጓዥ ይበላል፣ አንዳንዱ አይበላም፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። የማይበላ ሰው አብሯችሁ ካለ ግን ምሳ ጠረጴዛ ላይ አትከራከሩ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ለማይበላው ፈቲራ አለ፣ ፉል አለ፣ ዕንቁላል አለ፣ ሩዝ በአትክልት አለ፣ የጾም ሳምቡሳ በምስር አለ። ሙስሊም ተጓዥ በተቃራኒው መንገድ ሰሜን ሲሄድ የሚቸገረውን ያህል ማንም እዚህ አይቸገርም። አስተናጋጁን «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ በቀስታ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የለመደው ጥያቄ ነው። አፍንጫ ይዞ መውጣት ግን ነውር ነው።

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቢሌ ላይ ቁሙ። ለውዝ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፣ ትኩስ ተቆልቶ ግዙ። ሴቶቹ የግመል ወተት በጀሪካን ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ የጭስ ጣዕም አለው። ትንሽ ጨው ጨው ይላል፣ ቀጠን ያለ ነው። ላልለመደ ሆድ ደግሞ ያሯሩጣል። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ብርጭቆ ይበቃል፣ በተለይ ከፊታችሁ የሁለት ሰዓት መንገድ ካለ። ጥሬ መሆኑን የማትወዱ በሻይ አስፈልታችሁ ጠጡት፤ ሻይ በግመል ወተት ማለት ሌላ ዓለም ነው።

ጅግጅጋ ስትገቡ ፍለጋው ይቀላል። የሶማሌ ምግብ በሶማሌ ከተማ በየበሩ አለ። ሐሳቡ እዚህ ፈረሰ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልፈረሰም። ሶማሌው በገዛ ከተማው ውስጥ ሆኖም ተጓዥ ነው። ከብት ነጋዴው ከገጠር ይመጣል፣ ዕቃ ነጋዴው ወደ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ይመላለሳል፣ ዘመዱ ከሐርጌሳ ይመጣል። ወንዱ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ለንግድ ከተማ ይውላል። ስለዚህ ምግብ ቤቱ የንግድ ቢሮም ነው። ፍየል የተሸጠው፣ መኪና የተከራየው፣ ዕዳ የተከፈለው እዚያ ሻህ (ሻይ) ላይ ነው።

ባሪስ እዘዙ። የቅመም ሩዝ ነው፣ ላዩ ላይ የፍየል ሥጋ ይጫንበታል። አጠገቡ ሙዝ ይመጣል። ሙዙ ለማጣጣሚያ መስሏችሁ ወደ ጎን እንዳታደርጉት። ልጣጩን ገፍፋችሁ፣ በእጃችሁ ቆርሳችሁ ከሩዙ ጋር ጉረሱት። ቢስባስ የሚባለው የቃሪያ ማባያ አፍ ሲያቃጥል ሙዙ ያበርዳል፤ ሥራው እሱ ነው። ፓስታም አለ፣ ባስቶ ይሉታል፣ ጣሊያን ሶማሊያ ላይ ትቶት የሄደው ነው። በእጅ ሲበላ ታያላችሁ። ሞክሩት፣ ግን ነጭ ሸሚዝ አትልበሱ። የግመል ሥጋ የምትበሉ ከሆነ ደግሞ ሻኛው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቁርስ ላይ ላሆህ በጉበት ይመጣል። ላሆህ የእንጀራ ዘመድ ነው፣ ግን ትንሽ ነው፣ ጣፈጥ ይላል፣ ከእንጀራ ጋር አታወዳድሩት።

ወደ ጅግጅጋ ለመሄድ ጊዜ የሌለው፣ አዲስ አበባ ቦሌ ሚካኤል ይሂድና ይለማመድ። የመንን ለመቅመስም ድሬ ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። የየመን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ስለገባ መንዲ ቤቱ በዝቷል። እዚህም ያው ነው፤ ሰው ከቤቱ ሲርቅ ድስቱ አደባባይ ይወጣል፣ አንዳንዴ በጣም በሚያሳዝን ምክንያት።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ሥጋ በኪሎ የሚሸጥበት ቤት ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ጠይቁ፣ ከተቆረጠ በኋላ ክርክር የለም። የመንገዱን ሁኔታም ከመነሣታችሁ በፊት መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠይቁ። ከማንም የተሻለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ንግግሬን ስጨርስ ከአድማጮች አንዲት እህት «በረመዳን ብንሄድስ ምን እንበላለን?» ብላ ጠየቀች። መልሴን እዚህ ልጨምረው። ቀን ላይ ጅግጅጋም ጀጎልም አብዛኛው ምግብ ቤት ዝግ ነው። ክፍት የምታገኙት የትልልቅ ሆቴሎችን ወይም የክርስቲያን ምግብ ቤቶችን ነው። ስንቅ ያዙ፣ ሰው ፊት ግን አትብሉ፣ ውሃም ቢሆን። ማታ ላይ ሌላ ነው። ከመግሪብ አዛን በፊት መንገዱ በሙሉ ጠረጴዛ ይሆናል። ሳምቡሳው ይከመራል፣ ቴምሩ ይደረደራል፣ ሾርባው ይንፎለፎላል፣ ሙሸበኩ ያበራል። ዓመቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራው ሁሉ ያን ወር ደጅ ይወጣል። ደግሞ ብቻችሁን ቆማችሁ ካዩአችሁ «ና፣ አፍጥር» ማለታቸው አይቀርም፤ ባትጾሙም። እኔን ብትጠይቂኝ፣ ሙቀቱን ከቻልሽው፣ ከዓመቱ ሁሉ ያን ወር እመርጣለሁ አልኳት።